«ያለ መያዣ ብድር» ሲባል ያለ ምን ማለት ነው? ካርታ፣ ዋስና ሐራጅ በአዲስ አበባ ዳርቻ

ባንኮች በጋዜጣ የሚያወጡት የሐራጅ ማስታወቂያ ሠንጠረዥ ነው። የተበዳሪው ስም፣ የንብረት አስያዡ ስም፣ ንብረቱ የሚገኝበት ከተማና ቀበሌ፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር፣ የሐራጁ መነሻ ዋጋ፣ ጨረታው የሚካሄድበት ቀንና ሰዓት በየዓምዱ ይደረደራል። የብዙ አንባቢ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው መነሻ ዋጋው ላይ ነው። ነገሩን የሚያስረዱት ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓምዶች ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ተበዳሪውና አስያዡ አንድ ሰው ነው። ሌላ ጊዜ ስሞቹ ይለያያሉ፤ ገንዘቡን የወሰደው ሌላ፣ ቤቱ የሚሸጥበት ሌላ።

በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ፣ በለገጣፎና በገላን የሚኖር ሰው እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ሲያነብ ሰፈሩን ይፈልግበታል። በዚያው ሰሞን ስልኩ ላይ «ያለ ምንም መያዣ ተበደሩ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ በየሰፈሩ ወሬ ላይ ሁለት የተሳሳቱ ድምዳሜዎች ሥር ሰደዋል። አንደኛው «ካርታ ያለው ሰው ብድር አይከለከልም» የሚል ነው። ሁለተኛው «ያለ መያዣ የወሰድከውን ባትከፍል ማን ይነካሃል?» የሚል ነው። ሁለቱም ሰውን ቤት እስከማሳጣት ያደርሳሉ።

መያዣ ዕዳ አይከፍልም። ዕዳ የሚከፈለው ከገቢ ነው። ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር ግን የማን ንብረት፣ በምን ያህል ፍጥነት፣ ከየትኛው አበዳሪ በፊት እንደሚነካ የሚወስነው መያዣው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ላይ ነው።

መያዣና ዋስ አንድ አይደሉም

በዕለት ንግግር «ዋስትና» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። ባንክ ቤት «ኮላተራል» ሲባል የሚሰማው መያዣ ነው፦ ቤት፣ መኪና፣ ማሽን፣ በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ። ዋስ ደግሞ ሰው ነው፤ «እሱ ካልከፈለ እኔ እከፍላለሁ» ብሎ የፈረመ። ቤቱን ለሌላ ሰው ብድር ያስያዘ ሰው በደንቡ የሚጠየቀው በዚያው ቤት ልክ ነው። ዋስ ሆኖ የፈረመ ግን በደመወዙም፣ በቁጠባውም፣ በሌላ ንብረቱም ይጠየቃል። አንዳንድ ጊዜ ባንኩ አስያዡን በሁለቱም ያስፈርማል። አባት ለልጁ ካርታ ሲያስይዝ የመያዣ ውል ብቻ የፈረመ መስሎት ከሥሩ የዋስትና ውልም ፈርሞ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው ርዕስ «የመያዣ ውል» ነው ወይስ «የዋስትና ውል» የሚለውን ለይቶ ማየት የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ዋስትናም በሁለት ይከፈላል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ተራ ዋስ «መጀመሪያ ተበዳሪውን ጠይቁት፣ ንብረቱን ሽጡ» ብሎ መከራከር ይችላል። «በአንድነትና በነጠላ» የፈረመ ዋስ ግን ይህ መብት የለውም፤ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይነካ በቀጥታ ወደ እሱ መሄድ ይችላል። ባንኮች የሚያስፈርሙት አብዛኛውን ጊዜ ይህኛውን ነው። ሕጉ አንድ መከላከያ አስቀምጧል፦ በአንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። ባዶ ቦታ ያለበት የዋስትና ቅጽ ላይ የሚፈርም ሰው ይህን መከላከያ በገዛ እጁ ይጥላል፤ ቁጥሩን በኋላ የሚሞላው ሌላ ሰው ነውና።

ካርታው ከቤት ወጥቶ ባንክ እስኪገባ

በከተማ ዳርቻ ዋናው መያዣ ቤት ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፣ አይለወጥም። መያዣ የሚሆነው በመሬቱ ላይ የተሠራው ቤትና ከይዞታው ጋር ያለው የመጠቀም መብት ነው። በሊዝ የተያዘ ባዶ ቦታ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት መያዣ የሚሆነው በተከፈለው የሊዝ መጠን ልክ ነው። ቅድመ ክፍያ ብቻ ከፍሎ ቦታ የያዘ ሰው «ቦታዬ ሚሊዮኖች ያወጣል» ቢልም ባንኩ የሚያየው እስካሁን የከፈለውን ነው።

መንገዱ ሲጀመር ተበዳሪው የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን፣ የግንባታ ፈቃዱንና ፕላኑን፣ የዓመቱን ግብር የከፈለበትን ደረሰኝና የጋብቻ ሁኔታውን የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባል። ባንኩ ለመሬት አስተዳደሩ ደብዳቤ ይጽፋል። መልሱ ንብረቱ «ከዕዳና እገዳ ነፃ» መሆኑን ይገልጻል። ከዚያ የባንኩ መሐንዲስ ቦታው ድረስ ሄዶ ቤቱን ይለካል፣ ካርታው ላይ ካለው ስፋትና ቅርጽ ጋር ያስተያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ግምት ያወጣል። ጥያቄው ለብድር ኮሚቴ ይቀርባል። ሲጸድቅ የብድርና የመያዣ ውሎቹ ይፈረማሉ፤ መያዣው በመሬት አስተዳደሩ መዝገብ ላይ ይመዘገባል፤ መመዝገቡን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ለባንኩ ይመለሳል። ቤቱ ባንኩን ተጠቃሚ በሚያደርግ የእሳት አደጋ መድን ይገባል። ገንዘቡ የሚለቀቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ምዝገባው የቢሮ ወግ ብቻ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3052 መሠረት ያልተመዘገበ የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ውጤት የለውም፤ ውሉ በምስክር ፊት ቢፈረምም ያው ነው። ሁለት አበዳሪዎች በአንድ ቤት ላይ ቢመጡም ቀድሞ የሚከፈለው ቀድሞ ያስመዘገበው ነው። ምዝገባው የሚጸናው ለ10 ዓመት ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚዘልቅ ብድር መታደስ አለበት።

በዳርቻው ጉዳዩ የሚሰናከለው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። በሌሊት ተሠርቶ ያደረ የጨረቃ ቤት፣ ከገበሬ በመንደር ውል የተገዛ ቦታ፣ በውክልና ብቻ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ቤት ባለቤቱ ኖሮበት፣ መብራትና ውኃ አስገብቶበት፣ ሰፈሩ ሁሉ «የእሱ ነው» ብሎ ቢመሰክርለትም መዝገብ ላይ የለም። መዝገብ ላይ በሌለ ንብረት ላይ ደግሞ መያዣ ሊመዘገብ አይችልም። ቤቱ ዋጋ አለው፤ ያንን ዋጋ የመያዣ ሕጉ የሚጨብጥበት እጀታ ነው የጠፋው።

ካርታ እያለም የሚያሰናክል ነገር አለ። ካርታው በሟች አባት ስም ከሆነ መጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ፣ ከዚያ የስም ዝውውር ያስፈልጋል፤ ወራሾቹ አራት ከሆኑ አራቱም መፈረም አለባቸው። ካርታው 160 ካሬ ብሎ አጥሩ 200 ካሬ የያዘ ከሆነ ገማቹ ትርፉን አይቆጥረውም፤ አንዳንዴም ጉዳዩን እንዳለ ይመልሰዋል። ፈቃድ ያልወጣለት ተጨማሪ ክፍል ወይም ፎቅም በግምቱ ውስጥ አይገባም። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የአዲስ አበባና የኦሮሚያ አስተዳደራዊ ወሰን ሲካለል፣ ኋላም ሸገር ከተማ ሲቋቋም፣ አንዳንድ ሰፈሮች የሚያስተዳድራቸው አካል ተለውጧል። በእነዚህ ቦታዎች «ከዕዳና እገዳ ነፃ» የሚለውን ደብዳቤ የሚጽፈው የትኛው ቢሮ እንደሆነ፣ ፋይሉስ ወደዚያ መዛወሩን ማረጋገጥ ከሁሉ ይቀድማል። ፋይሉ ባልተገኘበት ቢሮ ወር ሙሉ የሚመላለስ ሰው ብድሩ የተከለከለ ይመስለዋል፤ ብድሩ ግን ገና አልተጠየቀም።

የኮንዶሚኒየም ነገር ለብቻው ነው። በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ ወይም በቦሌ አራብሳ ዕጣ የወጣለት ሰው ቤቱ ለራሱ የቤት ዕዳ አስቀድሞ ተይዟል። በዚያ ላይ ሁለተኛ መያዣ መመዝገብ በሕግ ባይከለከልም ሁለተኛው አበዳሪ የሚያገኘው ከመጀመሪያው የተረፈውን ነው። ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ የሚከለክለው ገደብ ያላለቀበት ቤትም በሐራጅ ለመሸጥ ስለሚያስቸግር ባንኮች በደካማ መያዣነት ያዩታል።

የትዳር ጓደኛ ፊርማ

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ማስያዝ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት እንዲጠይቅ አድርጓል። ከ500 ብር በላይ መበደርና በዚያ መጠን ለሌላ ሰው ዋስ መሆንም እንደዚያው። 500 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ለሚያውቅ ሰው ይህ ማለት ማንኛውም ብድርና ዋስትና ማለት ነው። ስምምነቷ ያልተጠየቀች ሚስት ወይም ያልተጠየቀ ባል ፍርድ ቤት ሄዶ ግዴታው እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል፤ ጊዜው ግን አጭር ነው፦ ካወቀበት ቀን አንስቶ 6 ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ግዴታው ከተገባ 2 ዓመት። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው በሸገር ከተማ የሚነሣ ክርክር የሚታየው በዚያ ነው። ባንኮች ግን በሁለቱም ወገን ያለ ሁለቱ ፊርማ ካርታ አይቀበሉም፤ ላጤ ነኝ የሚል ሰውም ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል።

ግምቱ ለምን ያንሳል?

በተበዳሪና በባንክ መካከል በጣም የተለመደው ቅሬታ ይህ ነው። ደላላ 6 ሚሊዮን ብር የጠራለትን ቤት የባንኩ መሐንዲስ 3.5 ሚሊዮን ይለዋል። ባንኩ ከግምቱ 70 በመቶ የሚያበድር ቢሆን ሰውየው የሚያገኘው 2.45 ሚሊዮን ብር ነው፤ ደላላው ከጠራው ግማሹንም አይሞላ። (ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው፤ መቶኛው ከባንክ ባንክ፣ ከብድር ዓይነት ዓይነት ይለያያል።)

ልዩነቱ በሦስት ምክንያት ይመጣል። የገማቹ መነሻ ቤቱን ዛሬ እንደገና ለመሥራት የሚፈጀው ወጪ ነው፤ ከዚያ የእርጅና ቅናሽ ይነሣል፣ የአካባቢው ደረጃ ይታከላል። ደላላው የሚጠራው ዋጋ ውስጥ ግን ትልቁ ድርሻ የቦታው ነው፤ በዳርቻ ሰፈር፣ ሰፊ ግቢ ላይ ትንሽ ቤት ሲሆን፣ ልዩነቱ የባሰ ይሰፋል። ሁለተኛ፣ ባንኩ የሚያስበው ቤቱ ተረጋግቶ ሲሸጥ የሚያወጣውን ሳይሆን በሐራጅ፣ ሰው እየኖረበት፣ በአጭር ጊዜ ሲሸጥ የሚያወጣውን ነው። ሦስተኛ፣ ዕዳው ቆሞ አይጠብቅም። ሳይከፈል በቆየባቸው ወራት ወለድና ቅጣት ይጨመርበታል፤ በግምቱና በብድሩ መካከል የተተወው ክፍተት የሚሸፍነው ይህንን ነው።

የግምቱ ማነስ ያበሳጫል። ግን ከፍ ያለ ግምት ሁልጊዜ የተበዳሪው ወዳጅ አይደለም። 1 ሚሊዮን ብር በዓመት 18 በመቶ ወለድ፣ በ5 ዓመት ወርሃዊ ክፍያ የተበደረ ሰው በየወሩ 25,393 ብር ይከፍላል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 15,000 ብሩ ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 10,393 ብር ብቻ። በ5 ዓመቱ መጨረሻ የከፈለው ድምር 1,523,600 ብር ገደማ ይሆናል። የሱቁ ወይም የወፍጮው ወርሃዊ ትርፍ 20,000 ብር ለሆነ ሰው ካርታው 3 ሚሊዮን ቢገመትለትም ይህን ዕዳ አይሸከምም። ጥሩ የብድር ሠራተኛ መጀመሪያ የባንክ ሒሳብ እንቅስቃሴና የግብር ደረሰኝ ጠይቆ ካርታውን በኋላ የሚያየው ለዚህ ነው። ካርታውን ብቻ አይቶ የሚያበድር ባንክ ተበዳሪውንም ራሱንም ወደ ሐራጅ እየወሰደ ነው።

«ያለ መያዣ» ያለ ምን?

ያለ መያዣ የሚሰጥ ብድር በአገራችን አዲስ አይደለም። አነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት እርስ በርስ ዋስ የሚሆኑ ቡድኖችን ሲያበድሩ ኖረዋል፤ የደመወዝ ብድርም በመሥሪያ ቤት ደብዳቤና በዋስ ይሰጣል። አዲሱ ነገር በስልክ የሚሰጠው ነው። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ መላና እንደኪሴ የተባሉ የብድር አገልግሎቶችን አስተዋውቋል። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም ሚቹ በተባለው አገልግሎት ለጥቃቅንና አነስተኛ ነጋዴዎች ያለ መያዣ ማበደር ጀምሯል። አበዳሪው በካርታ ፈንታ የሚያየው የገንዘብ ዝውውርን፣ የስልክ አጠቃቀምን፣ ቀደም ያለ ብድር የተከፈለበትን ሁኔታ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ነጥብ ይወጣል፤ ነጥቡ የብድሩን ጣሪያ ይወስናል።

ስለዚህ «ያለ መያዣ» ማለት ተለይቶ የተመዘገበ ንብረት የለም ማለት ብቻ ነው፤ ኃላፊነቱ እንዳለ ነው። አበዳሪው ቤት ሄዶ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መሸጥ አይችልም። ፍርድ ቤት ሄዶ ማስፈረድ ግን ይችላል፤ ከተፈረደ በኋላ ደግሞ የተበዳሪው ማንኛውም ንብረት፣ በሕግ እንዳይነካ ከተጠበቀው በስተቀር፣ ለአፈጻጸም ይቀርባል። ተቀጣሪ ከሆነ ደመወዙ ይያዛል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ከአንድ ሦስተኛ በላይ እንዳይቆረጥ ከልክሏል። ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣው ግን የስም መበላሸት ነው። ባንኮች አዲስ ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ውስጥ የአመልካቹን ታሪክ ያያሉ። በስልክ የተወሰደች 5,000 ብር ሳትከፈል ብትቆይ ነገ ለዶሮ እርባታ 500,000 ብር ሲጠየቅ ፊት ለፊት ትቆማለች።

ዋጋው ላይም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መያዣ የሌለው አበዳሪ ከማይመለሰው የሚደርስበትን ኪሳራ የሚያካክሰው ከሚመለሰው ላይ በሚወስደው ክፍያ ነው። 10,000 ብር ለ30 ቀን፣ 6 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ አስቀድሞ ተቆርጦ ቢሰጥ፣ እጅ የሚገባው 9,400 ብር ነው። በ9,400 ብር ላይ 600 ብር መክፈል በወር 6.4 በመቶ ገደማ፣ በዓመት ሲሰላ ከ76 በመቶ በላይ ነው። ሸቀጥ ገዝቶ በሳምንት ለሚያዞር የጉሊት ነጋዴ ይህ ሊያዋጣ ይችላል። ለልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ለሚወስደው ግን በሚቀጥለው ወር ሌላ ብድር ማለት ነው።

ሌላው ሰውን የሚያሳስት ስሌት «ቋሚ ወለድ» የሚባለው ነው። 100,000 ብር ለ12 ወር በ15 በመቶ ቋሚ ወለድ ሲሰጥ ወለዱ በዋናው ገንዘብ ላይ እንደተሰላ ይቆያል፦ 15,000 ብር፣ በወር 9,583 ብር። ያው 15 በመቶ በቀሪው ዕዳ ላይ ቢሰላ ግን ወርሃዊው ክፍያ 9,026 ብር፣ ጠቅላላ ወለዱም 8,310 ብር ገደማ ብቻ ይሆን ነበር። ቋሚ የተባለው 15 በመቶ በቀሪ ዕዳ ስሌት ወደ 26.6 በመቶ ይጠጋል። «ወለዱ ስንት ነው?» ከሚለው በፊት «በምን ላይ ነው የሚሰላው?» መባል አለበት።

ላሟ፣ ማሽኑና ባጃጁ

በሱሉልታና በሰበታ ዙሪያ የወተት ላሞች፣ በገላንና በዱከም መስመር የእንጨትና የብረት ሥራ ማሽኖች፣ በሁሉም ሰፈር ባጃጅ ይገኛል። ለረጅም ጊዜ ከእነዚህ ውስጥ በቀላሉ መያዣ ይሆን የነበረው ሊብሬ ያለው ተሽከርካሪ ነበር፤ ባንኩ ዋናውን ሊብሬ ይይዛል፣ ትራንስፖርት ቢሮ ላይ እገዳ ያስመዘግባል፣ ሙሉ የመድን ሽፋን ያስገባል። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ግን ከብቶች፣ መሣሪያዎች፣ በመጋዘን ያለ ዕቃና ገና ያልተሰበሰበ የደንበኛ ሒሳብ ጭምር መያዣ እንዲሆኑ ተፈቅዷል፤ ለዚህም በብሔራዊ ባንክ ሥር በኢንተርኔት የሚሠራ መዝገብ ተቋቁሟል። ንብረቱ በባለቤቱ እጅ ይቆያል፤ ላሟ ትታለባለች፣ ማሽኑ ይሠራል። ቅደም ተከተሉን የሚወስነው እንደ ቤቱ ሁሉ የምዝገባው ጊዜ ነው።

አዋጁ ጥሩ ነው፤ አፈጻጸሙ ግን አዝጋሚ ነው። መኪና የሻንሲ ቁጥር አለው፣ ላም የላትም። ላሟ ብትሞት፣ ብትሸጥ ወይም በሌላ ብትለወጥ ባንኩ በምን ያውቃል? ያገለገለ ማሽን ዋጋ የሚታወቅበት የተደራጀ ገበያ ሳይኖር ገማቹ ምን ላይ ተደግፎ ይገምታል? ለማሽን ፈላጊ የተሻለው በር የሊዝ ፋይናንስ ሆኖ ቆይቷል። በዚህ አሠራር ማሽኑን የሚገዛው አበዳሪው ነው፤ ዕዳው እስኪያልቅ ባለቤቱም እሱ ነው፤ ስለዚህ ሌላ መያዣ አይጠየቅም። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ለዓመታት የሠራበት መጠን ደንበኛው 20 በመቶ፣ ባንኩ 80 በመቶ የሚሸፍኑበት ነው።

የገበሬ ይዞታም በር ተከፍቶለታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 የይዞታ ማረጋገጫ ያለው አርሶ አደር የመጠቀም መብቱን በመያዣነት እንዲያውል ፈቅዷል። የሚያዘው መብቱ ነው፤ መሬቱ አይደለም።

ክፍያው ሲቆም

ክፍያ 90 ቀን ሲያልፈው ብድሩ በባንኩ መዝገብ የተበላሸ ብድር ይሆናል። ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ወራት የሚደረግ ንግግር ከዚያ በኋላ ከሚደረገው ብዙ ይለያል፤ የመክፈያ ጊዜ ማራዘም፣ የክፍያ መጠን ማስተካከል ቀላል የሚሆነው ያኔ ነው። ተበዳሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ወራት ስልክ አያነሳም።

በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ለባንኮች ልዩ ሥልጣን ሰጥቷል፦ ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው የተያዘውን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ መሸጥ ይችላሉ። ግለሰብ አበዳሪ ይህ ሥልጣን የለውም። ተጫራች ብዙ ጊዜ የመነሻ ዋጋውን አንድ አራተኛ በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ያስይዛል። ገዢ ካልተገኘ ሁለተኛ ሐራጅ ይወጣል፤ በዚያም ካልተገኘ ባንኩ ንብረቱን ራሱ እንዲረከብ በ1992 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ይፈቅዳል።

ቤቱ ከተሸጠ ዕዳው አለቀ ማለት አይደለም። ዕዳው ከነወለዱ 1.6 ሚሊዮን ብር ደርሶ ቤቱ በ1.2 ሚሊዮን ቢሸጥ የቀረው 400,000 ብር የተበዳሪውና የዋሶቹ ዕዳ ሆኖ ይቀጥላል። በ2 ሚሊዮን ቢሸጥ ደግሞ ትርፉ ለንብረቱ ባለቤት ይመለሳል። ከሐራጁ ቀን በፊት ዕዳውን ከፍሎ ሽያጩን ማስቆም ይቻላል፤ ከባንኩ ጋር ተስማምቶ ቤቱን በራስ ፈልጎ ባገኙት ገዢ መሸጥም ይቻላል። ሁለተኛው መንገድ ከሐራጅ ዋጋ ብዙ ጊዜ የተሻለ ያስገኛል፤ የሚያስፈልገው ሳይዘገይ መናገር ነው።

ከባንክ ውጭ ያለው መያዣ

መዝገብ ላይ የሌለ ቤት ባንክ ባይገባም ከመያዣነት አያመልጥም። ወለድ አግድ አንዱ ነው፦ አበዳሪው ገንዘቡን ሰጥቶ ቤቱን ይረከባል፣ ይኖርበታል ወይም ያከራየዋል፤ ኪራዩ በወለድ ፈንታ ይሆናል፤ ገንዘቡ ሲመለስ ቤቱ ይመለሳል። ፍትሐ ብሔር ሕጉም ያውቀዋል። ጉድለቱ ቤቱ ለባለቤቱ ምንም ሳያስገባ ዋናው ዕዳ እንዳለ መቆየቱ ነው። ተበዳሪው ከምን ይቆጥባል?

ከዚህ የሚከፋው አራጣ ነው። በግለሰቦች መካከል በሚደረግ ብድር ሕጉ የሚፈቅደው ወለድ በዓመት እስከ 12 በመቶ ነው፤ የሰውን ችግር ተጠቅሞ በአራጣ ማበደር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 712 ያስቀጣል። አራጣ አበዳሪ ይህን ስለሚያውቅ ብድር ብሎ አይጽፍም፤ የቤት ሽያጭ ውል ያስፈርማል፣ ውክልና ይቀበላል፣ ወይም ቀን ያልተጻፈበት ቼክ ይይዛል። በመያዣ ውል ላይ «በቀኑ ካልከፈልኩ ቤቱን ይውሰድ» የሚል አንቀጽ ቢገባ በአንቀጽ 3060 መሠረት ውጤት የለውም። ሽያጭ ተብሎ የተፈረመ ወረቀት ግን ብድር እንደነበር ማስረዳት የተበዳሪው ሸክም ይሆናል፤ የጽሑፍ ማስረጃ ሳይዝ ይህን መወጣት ከባድ ነው።

ክርክሩ የት ላይ ነው?

ባንኮች የሚሉት አላቸው፦ የምናበድረው የአስቀማጮችን ገንዘብ ነው፤ የፍርድ ሂደት ረጅም ነው፤ የተበዳሪው ሒሳብ መዝገብ አይታመንም፤ ካርታው ብቻ ነው ቆሞ የሚገኘው። ተቺዎች ደግሞ ይህ አሠራር ገንዘቡን የሚሠራበት ላለው ሳይሆን ቤት ላለው ያደርሳል ይላሉ። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲወስን ይህ ጎልቶ ታይቷል፤ የሚሰጠው ብድር ሲጠብ ትልቅ መያዣ ያለው ትልቅ ደንበኛ ይቀድማል። ጣሪያው ከዚያ ወዲህ ከፍ ቢልም የወረፋው ቅደም ተከተል አልተቀየረም።

ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው፤ የሚዘሉት ግን መካከሉን ነው። በዳርቻው ያለው ችግር ከመያዣው መጠየቅ ይልቅ የመያዣው ወረቀት አለመስተካከል ነው። የይዞታ ምዝገባ በተጠናቀቀበት ሰፈር «ከዕዳና እገዳ ነፃ» የሚለው ደብዳቤ በቶሎ ይወጣል፤ ባልተጠናቀቀበት ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ጉዳይ ገዳይ ይጠይቃል። የስልክ ብድር ይህን ክፍተት ይሞላል የሚለው ተስፋ ለአነስተኛ የሥራ ማስኬጃ ይሠራል። ለ5 ዓመት የሚከፈል የማሽን ብድር ግን በስልክ ነጥብ ብቻ የሚሰጥበት ጊዜ ቅርብ አይመስልም።

የመጨረሻው ደብዳቤ

የመጨረሻው ክፍያ ሲገባ መያዣው በራሱ አይነሳም። ባንኩ ዕዳው መጠናቀቁን የሚገልጽ ማረጋገጫና ለመሬት አስተዳደሩ የሚጻፍ የእገዳ ማንሻ ደብዳቤ መስጠት አለበት። ከመቀበል በፊት አንድ ነገር መጣራት አለበት፦ አንዳንድ የመያዣ ውሎች ንብረቱ «ተበዳሪው አሁን ላለበትና ወደፊት ለሚኖርበት ማንኛውም ዕዳ» እንዲያዝ ያደርጋሉ፤ ያኔ አንዱ ብድር ተከፍሎም ካርታው ለሌላው ሊቆይ ይችላል። ደብዳቤው ለመሬት አስተዳደሩ ከደረሰ በኋላ መዝገቡ ላይ እገዳው መነሣቱን አይቶ፣ አዲስ «ከዕዳና እገዳ ነፃ» ማስረጃ አውጥቶ፣ ዋናውን ካርታ ተቀብሎ ቁጥሩን ከቅጂው ጋር ማስተያየት ይቀራል። ካርታውን ያስያዘው ሌላ ሰው ከሆነ ካርታው የሚመለሰው ለእሱ ነው።